መቻራ ላይ ኔትወርክ እስኪጠፋ ስንጠብቅ

ምዕራብ ሐረርጌ ምን ልትሠራ ሄደህ ነበር ብሎ ያልጠየቀኝ የደብረ ብርሃን ሰው የለም። ለቡና ነው ያልኳቸው አመኑኝ፤ እውነቱን የነገርኳቸው ሳቁብኝ። እውነቱ ይህ ነው፦ አንድ ሰው መቻራ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል አለ፣ እኔም ሲጠፋ በዓይኔ ለማየት ሄድኩ። «ለዚህ ለዚህ እዚሁ ሱቅህ ቁጭ ብለህ አትጠብቅም?» አለኝ ጎረቤቴ። ወደዚያ አገር የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ፣ ነገር ግን ጨዋታ ለምትወዱ ነው ይህን የምጽፈው።

እንጀራዬ የኮምፒውተር ጥገናና የጽሕፈት ሥራ ነው። ከዚያ ውጭ የአንድ ማኅበር አባል ነኝ። ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የለውም፣ መዋጮ የለውም፣ አበልማ ጭራሽ የለውም። የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር እንሠራለን። የፈለገ ሁሉ በነጻ ወስዶ ይጠቀምበታል፤ የውስጥ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ጉድለት ያገኘ ሰው ራሱ አርሞ ማረሚያውን ይልካል። ደቦ ነው በሉት። ልዩነቱ ደቦኞቹ ተበታትነን ያለነው በየአህጉሩ ነው፣ መልክ ለመልክ አንተዋወቅም፣ ጠላም አይቀዳልንም።

በዚህ ደቦ አንድ ጥብቅ ልማድ አለ። ማንም የራሱን ማረሚያ ራሱ አያጸድቅም። ከአጽዳቂዎቹ አንዱ በመጀመሪያ ጉድለቱን በገዛ ዓይኑ ማየት፣ ቀጥሎ ማረሚያው መሥራቱን ማረጋገጥ አለበት። ከዚያ «አየሁ» ብሎ ይጽፋል። ያላየ አየሁ አይልም፤ ማንም ያላየው ጉዳይ ደግሞ ይዘጋል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት «ቡና ቅጠል» በሚል ስም የሚጽፍ የመቻራ ሰው አንድ ጉድለት ከነማረሚያው ላከ። ሰው ጽፎ ጽፎ «ላክ» የሚለውን ሲጫን፣ ኔትወርኩ ከሌለ ጽሑፉ ድራሹ ይጠፋል አለ። አጽዳቂዎቹ ሞከሩት። ፖላንድ ያለችው አባላችን የመስመሯን ገመድ ነቅላ ሞከረች፤ ሶፍትዌሩ ወዲያው «መስመር የለም» ብሎ ጽሑፏን አስቀመጠላት። «እኛ ጋ ይሠራል» ብላ ጻፈች። ይህች ቃል በማኅበራችን የታወቀች ናት፤ ስንቱን ክርክር ቀብራለች። ቡና ቅጠል ግን አልተቀበረም። የመቻራው ኔትወርክ ተነቅሎ አይሄድም፣ ሄጃለሁ ሳይል ነው የሚሄደው አለ። ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ። ሶፍትዌሩ ሰው ያለ መስሎት ጽሑፉን ለባዶ ቤት ያስረክባል። «እንግዲያው በቪዲዮ ቀርጸህ ላክልን» አሉት። «በየትኛው ኔትወርክ?» አለ።

አዲሱ እትም ቅዳሜ ማታ ሊዘጋ ነው፣ ያልታየ ጉዳይ ሁሉ ይሰረዛል ተባለ። አገር ውስጥ ካለነው የማጽደቅ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ብሞክረው ብሞክረው አልታይ አለኝ፤ የእኛ ኔትወርክ ሲጠፋም ደንበኛ አጠፋፍ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ልሄድ ተነሣሁ። «የወንድሜ ሠርግ ሐዋሳ ሲሆን ወገቤን አመመኝ ያልክ ሰውዬ!» አለች ባለቤቴ ሙሉ።

ሰኞ

ሙሉ ተቆጥታም ቢሆን ካፖርቴን አስለበሰችኝ። አገሩ ሞቃት ነው ብላት «በደጋ ያደገ ሰው ብርድ የሚይዘው ቆላ ወርዶ ነው» አለች። ከሐኪም ሰምታው አይደለም፤ ከእናቷ ነው።

እስከ አዳማ ያለው መንገድ ብዙ አያስወራም። ያደርኩበት ሆቴል ባለቤት ማራገቢያ ያለው ክፍል ዋጋው ይጨምራል ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኛ ጋ ነፋስ በነጻ ነው፤ የሚያስከፍለው እሱን መከላከያው ነው። ማራገቢያ የሌለውን ይዤ ስገላበጥ አነጋሁ።

ማክሰኞ

ከአዳማ በማለዳ በአውቶቡስ ተነሣን። በየደረስንበት ከተማ ስልኬን እያወጣሁ ኔትወርኩን እሞክራለሁ። መተሐራ ደህና፣ አዋሽ ደህና፣ ሚኤሶም ደህና። አጠገቤ የተቀመጠ የጫት ነጋዴ ሲያየኝ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ደወለች?» አለኝ።

«ማን?»

«ተወው፣ ትደውላለች። አንተ ብቻ ስልኩን አታስጨንቀው።» ከዚያ ወዲያ ወሬያችን ሁሉ ስለ ትዳር ሆነ።

ከሚኤሶ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ዳገቱን ሲወጣ አየሩ ቀለል አለ። ረዳቱ «ጭሮ! ጭሮ!» ሲል ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ «አሰበ ተፈሪ ገባን» አሉ። ሁለቱም አንድ ከተማ ነው፣ በተራሮች መሐል የተቀመጠች። እኛ ጋ ተራራ ርቆ ነው የሚታየው፤ እዚህ ግን ደጅ ላይ ነው፣ ሰው ከሆቴሉ በረንዳ ሆኖ ሰላም ሊለው ይችላል።

አንድ ባጃጅ ይዤ ወደ ማደሪያዬ ስሄድ ነው ካፖርቴን አውቶቡሱ ላይ መርሳቴ ትዝ ያለኝ። ከሙቀቱ ይልቅ የሙሉ ነገር አላበኝ። ባለባጃጁ ጀማል ይባላል፣ ቀልጠፍ ያለ ጎልማሳ ነው። ወዲያው አዙሮ መናኸሪያ ወሰደኝ። አውቶቡሱ ወደ ድሬዳዋ ቀጥሏል። «ጋሼ፣ አታስብ» አለ ጀማል። «ረዳቱን አውቀዋለሁ። ሲመለስ ይጥለዋል፣ እኔ እይዝልሃለሁ። ወላሂ፣ በዚህ አገር ያን ልብስ የሚሰርቅ ሰው የለም። ማን ይለብሰዋል?»

ረቡዕ

ከጭሮ በገለምሶ አድርጎ ወደ መቻራ የሚወስደው መንገድ ሰውን ከሰው ያቀራርባል፤ ወንበሩ ለሦስት ሆኖ አምስት ስለምንቀመጥበት። ጉድጓዱ ሲበዛ አንዲት እናት ዶሮዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ይዤላት እንድሄድ። ገለምሶ ላይ ስትወርድ ከዶሮዋ ጋር መለያየቱ ትንሽ ከብዶኝ ነበር።

መቻራ ስንገባ በየግቢው ቡና ሊደርቅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የደረጀ ሱቅ ከቡና መሰብሰቢያው ፊት ለፊት ነው። ቡና ቅጠል ማለት ደረጀ ነው፤ ስልክ ይጠግናል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል። በሐሳቤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ወጣት አድርጌ ስዬው ነበር። የወጣልኝ የኔ እኩያ፣ በሩን የሚሞላ፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው።

«ቡና ቅጠል?» አልኩት።

«ብርዱ?» አለኝ፤ የማኅበር ስሜ ነው። መንገድ ላይ ተቃቅፈን «ቡና ቅጠል!» «ብርዱ!» ስንባባል ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሥራ አቁመው ያዩን ነበር።

ባለቤቱ ጫልቱ ለእንግዳ ብላ ዶሮ አርዳ ጠበቀችኝ። መዓዛው ከደጅ ተቀበለኝ፤ ቀኑ ግን ረቡዕ ነው። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ደረጀ ደግሞ በሁለት ዓመት ስለ ሶፍትዌር እንጂ ስለ ጾም ጽፎልኝ አያውቅም። መናገር አፈርኩ፣ አለመናገርም አልቻልኩም። ጫልቱ ፊቴን አይታ ገባት። «አንተ ደሬ፣ ሰውዬው ከየት ነው የሚመጣው አላልኩህም?» ብላ ተነሣች። ብዙ ሳይቆይ ሽሮ በማሽላ እንጀራ ቀረበልኝ፤ ዶሮው ለነገ ምሳ ተቀመጠልኝ። የኛ የገብስ እንጀራ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ነው፣ የማሽላው ግን ለስላሳ ነው፤ ለምን እንዳበዛሁት ሲጠይቁኝ የሰጠሁት ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ገጹ ብልጭ ብሎ ተከፈተ። ጻፍኩ፣ ላክሁ፣ ሄደ። ደግሜ ላክሁ፣ ሄደ። ደብረ ብርሃን እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። ቀና ብዬ ደረጀን አየሁት። ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ።

«ሰኞ ለት የጥገና ሰዎች መጡ» አለ ቀስ ብሎ። «ማማው ላይ ወጥተው አንድ ነገር ቀየሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ። ልነግርህ በሱቅህ ስልክ ስደውል ጎረቤትህ አንሥቶ መንገድ ላይ ነው አለኝ።»

ሐሙስ

እንዲህ ያለ ሐሙስ በዕድሜዬ አልገጠመኝም። ከተማው በሙሉ ደስ ብሎታል። ሰው ሱቁ በር ላይ እየቆመ «ደረጀ፣ እንኳን ደስ ያለህ! አየኸው ዳታውን?» ይለዋል። ደረጀም «ኤዬ፣ ተመስገን» ይላል፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው። እኔና እሱ ፊት ለፊት ተቀምጠን አገር የተደሰተበት ነገር እስኪበላሽ እንጠብቃለን።

ለምን እንዲህ እንደከበደው ያን ቀን ነው የነገረኝ። ከጭሮ በላይ ደጋው ላይ ባለችው መሰላ፣ እትዬ አስቴር የሚባሉ ጡረታ የወጡ የድሮ አስተማሪው አሉ። ስለ መሰላ ሰዎች በኦሮምኛና በአማርኛ ይጽፋሉ፤ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ማን እንደሠራ፣ ማን ከየት መጥቶ እንደሰፈረ። በእጅ ነበር ሲጽፉ የኖሩት፤ በእኛ ሶፍትዌር ድረ ገጽ ሠርቶላቸው «እዚህ ይጻፉ፣ አይጠፋም» ያላቸው እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ጻፉ፣ ሦስት ጊዜ ጠፋ። «አራተኛውን ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ፣ እሱ አይረሳም» ብለው ተዉት። ማረሚያውን የሠራው ለእሳቸው ነው፤ አዲሱ እትም ውስጥ ካልገባ ግን እሱ መቻራ ተቀምጦ የእሳቸውን ገጽ ለዘላለም ሲጠጋግን ሊኖር ነው።

«አይጠፋም ያልኩት እኔ ነኛ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ደረጀ ነፍስ ዘራ፤ ድሮ ደመና ሲያጉረመርም ኔትወርኩ አብሮ ይሄድ ነበርና። ዝናቡ ወረደ፣ ነጎድጓዱም አልቀረ። ምልክቱን አፍጥጠን እያየን ደጋግመን ላክን። አንዱም ሳይቀር ሄደ። ጫልቱ ከበሩ ቆማ ዝናቡን እያራገፈች ታየናለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ጌታ ሆይ ኔትወርኩን አስተካክልልን ብዬ ጸለይኩ» አለች። «አሁን ደግሞ እንዲያበላሸው ልጸልይ? ምን ይለኛል እሱስ?»

ዝናቡ ሲያባራ የባሰውን ተናገረች። «ለምን አየሁ ብሎ ዝም ብሎ አይጽፍም? ውሸት አይደል፣ እኛ ሁላችን አይተናል።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ከጠዋት ጀምሮ እያሰብኩት ነበር። አፌን ሳልከፍት ደረጀ ቀደመኝ። «አይሆንም። እሱ ሳያይ አየሁ ካለ፣ ነገ ሌላው ያልሠራውን ሠራሁ ይላል። ከዚያ ማንን አምነህ ትሠራለህ?» ምሳ ዘግይቶ ዶሮውን በላን፤ ጣፋጭ ነበር፣ እኔ ግን ዓይኔን ከስልኬ ምልክት ላይ አላነሣሁም።

ዓርብ

ወደ ጭሮ ስመለስ ደረጀ አብሮኝ ተነሣ። ለእትዬ አስቴር መጥፎውን ወሬ በስልክ ልነግራቸው አልችልም አለ። መንገድ ላይ ሾፌሩ ለጁምዓ ሶላት መኪናውን መስጊድ አጠገብ አቆመ። ሰጋጆቹ ገቡ፣ የቀረነው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አንዲት ሴት ከቤቷ ወጥታ ሆጃ ሰጠችን፤ ከቡና ገለባ ተፈልቶ ወተት የሚገባበት መጠጥ ነው። ወተቱን ሳይ ደረጀ በፍጥነት «ዓርብ ነው!» ብሎ ለሴትየዋ በኦሮምኛ አስረዳልኝ። ወተት የሌለበት አመጣችልኝ። አሁን ጾሜን ከኔ ይልቅ እሱ ነበር የሚጠብቀው።

ጭሮ ስንደርስ ካፖርቴ ከጀማል ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ ተመልሷል፤ ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል። ዋጋውን ብጠይቀው ጀማል «ጋሼ፣ የሱን ሒሳብ ከሱ እቀበላለሁ» ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ

በማለዳ ወደ መሰላ ወጣን። ብርዱ እንደ አገሬ ነው፣ ካፖርቴን ለበስኩ፤ በልቤም ሙሉን ይቅርታ ጠየቅኋት። እትዬ አስቴር ጸጉራቸው የነጣ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ደረጀን አስተምረውታል፤ እስከ ዛሬ ፊታቸው ሲቀመጥ እጁን ያጣጥፋል።

«ቲቸር፣ እንዴት አደሩ» ካለ በኋላ መሬት መሬት እያየ ሁሉንም ነገራቸው።

«እና ስለተስተካከለ ነው የምታለቅሰው?» አሉት።

እኔ አንድ ሐሳብ ነበረኝ። አየሁ ማለት ባልችልም ያየሁትን ሁሉ ጽፌ ለአንድ እትም ያህል ጊዜ እንዲሰጡት ልለምን። ላፕቶፔን ከስልኬ ዳታ ጋር አገናኝቼ የማኅበራችንን መወያያ ገጽ ከፈትኩ፤ እሱም የተሠራው በራሳችን ሶፍትዌር ነው። በሕይወቴ እንዲህ ከልቤ ጽፌ አላውቅም። ስለ ደረጀ ጻፍኩ፣ ስለ ማማው ጻፍኩ፣ ስለ እትዬ አስቴር ሦስት ጽሑፎች ጻፍኩ። ጉድለቱን ግን በዓይኔ እንዳላየሁ በሐቅ ገለጽኩ። ሁለት ሲኒ ሆጃ ጠጣሁበት።

«በወረቀት ገልብጠኸዋል?» አሉኝ እትዬ አስቴር ከአጠገቤ።

«አያስፈልግም፣ እዚሁ ነው።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የምለው» አሉ።

«ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ምልክቱ ሙሉ ነው። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከዚያ ገጹ ነጣ። ወደ ኋላ መለስኩት፣ ነጭ ነው። ወደ ፊት፣ ነጭ። ያ ሁሉ ልመና አንድ ፊደል ሳይተርፍ ጠፍቷል። ተነሣሁና ላፕቶፑን በእንግዳ ቤት የማይነገር ስድብ ሰደብኩት። ለካ የተጠገነው የመቻራው ማማ ነው፤ የመሰላውን ማንም አልነካውም።

ደረጀ አንገቱን አቀና። «ጠፋ?»

«ጠፋ!» አልኩት በንዴት። ካልኩት በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ሰውዬው ወንበሩን ገልብጦ መጥቶ ከነካፖርቴ ከመሬት አነሣኝ። እትዬ አስቴር «ሰው ንብረቱ ጠፍቶበት እናንተ ትጨፍራላችሁ» እያሉ እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ወዲያው በደረጀ ላፕቶፕ፣ ማረሚያው በገባበት ቅጂ ሞከርኩ። ጻፍኩ፣ ተጫንኩ። ክቧ ዞራ ዞራ ቆመች፤ ጽሑፌ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሥሩ «አልተላከም፤ እዚሁ ተቀምጧል፤ መስመሩ ሲመለስ ይሄዳል» ይላል። እትዬ አስቴር ራሳቸው ተቀምጠው ሞከሩት። አልፈነደቁም። መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ እኔ ገጽ ላይ የሚገባው ምን ሲሆን ነው?» አሉ።

«ዛሬ ማታ ሳይዘጋ ጭሮ ደርሼ አየሁ ብዬ ከጻፍኩ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

የምጠብቀው ሚኒባሱ እስኪሞላ ነበር። ገበያ ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ ገና ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ የሚወጣ የለም። ሾፌሩ ሳይሞላ ወይ ፍንክች አለ። እኛ ጋ ቢሆን ጭቅጭቅ ይጀመር ነበር። እትዬ አስቴር ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና በመስኮቱ አዩት።

«አንተ አብዲ፣ አራተኛ ክፍል ነበርክ አይደል?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ተነሥ።»

አብዲ ሞተሩን አስነሣ። በባዶ መኪና እንደ ሹም ተንፈላስሰን ጭሮ ገባን።

እትዬ አስቴር ከመነሣቴ በፊት የምልከውን በወረቀት አጽፈውኝ ነበር። ከዚያ ገለበጥኩት፦ «አየሁ። በራሴ ላይ ደረሰ። ማረሚያው ሠራ።» እንዲህ አጭር ጽፌ አላውቅም። ላክሁ፣ ሄደ። እኔና ደረጀ ራት ስንበላ ፖላንድ ያለችው አባላችን ማረሚያውን በበኩሏ ሞክራ መልስ ጻፈች። ደረጀ ሁለት ዓመት ሲያንገበግበው የኖረው ያው ቃል ነበር። ስልኩን ለኔ ሰጠኝ፣ ጮክ ብዬ እንዳነብለት።

«እኛም ጋ ይሠራል» አልኩት። ሳቁ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የሆቴሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

እሑድ እና ከዚያ ወዲያ

ጀማል መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ፤ አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት «ጋሼ፣ ልብሱ!» አለኝ። ይዤው ነበር። ሙሉ በር ላይ ቀድማ ያየችው ካፖርቱን ነው፣ ቀጥሎ እኔን።

አዲሱ እትም ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ሳለሁ ስልክ ተደወለ። እትዬ አስቴር ናቸው።

«ልጄ፣ ዳታው ሄዷል» አሉኝ። «ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ምንም አያልፍም። ያው የድሮው ነው።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ?» አሉ። «እጽፋለሁ።»